የግራው እጅጌ

ጂፑ ወደ ምሽጉ የሚያወጣውን ዳገት ሲያያዘው ልብስ ሰፊው የእጅ ስፌት መኪናውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥርቅም አድርጎ አቅፏት ነበር። አሥር አለቃው መሪውን በአንድ እጁ፣ ሲጋራውን በሌላው ይዞ፣ አንድም ጉድጓድ እንዳያልፈው የማለ ይመስል እየመረጠ ይገባባቸዋል። በገባ ቁጥር የስፌት መኪናዋ መዘውር የልብስ ሰፊውን አገጭ ይጎስመዋል።

«አባባ፣ ምነው እንዲህ ሙጥኝ አሏት? ባለቤትዎንስ እንዲህ አቅፈዋቸው ያውቃሉ?» አለ አሥር አለቃው።

«ባለቤቴ መለዋወጫ አያስፈልጋትም።»

አሥር አለቃው ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ የደግ ሰው ሳቅ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሰው ሲወስድም ሲመልስም እንደዚሁ ይስቃል ይላሉ፤ ሲመልስ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ልብስ ሰፊውን ከተማው የሚያውቀው «ለነገ» በሚል ቅጽል ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሲሰፋ ትርፍ ጨርቅ አይቆርጥም፤ እጅጌውንም፣ ጎኑንም፣ የሱሪውንም እግር ወደ ውስጥ አጥፎ ይተወዋል። «ሰው ይወፍራል፣ ሰው ይረዝማል፣ ለነገ ይሁን» ይላል። ሁለተኛ፣ ልብሴ መቼ ይደርሳል ሲሉትም መልሱ ያው ነው። ለሠርጉ ያዘዘውን ሱፍ የበኩር ልጁ ጥርስ ሲያወጣ የተረከበ ሙሽራ አለ። ደግነቱ ሙሽራው በትዳር ወፍሮ ስለነበር እጥፋቱ ሲፈታ ልብሱ ልክክ አለለት፤ ሳይጣሉም ቀሩ።

«ለመሆኑ ሱፎቹ ምን ሆኑ ነው የምትሉኝ?» ሲል ጠየቀ ልብስ ሰፊው። «ልኩን የላካችሁልኝ እናንተ። በላካችሁት ልክ ሰፋሁ።»

«ልኩስ ልክ ነው አባባ» አለ አሥር አለቃው፤ ሲጋራውንም ወደ ገደሉ ወረወረው። «ሰዎቹ ናቸው ልክ ያልሆኑት።»

መታጠፊያው ላይ ወደቡ ከታች ቁልጭ ብሎ ታየ። አመድማ ትልቅ መርከብ ከነመድፏ ቆማለች፤ ባንዲራዋ አዲስ ነው፤ ማለትም ለከተማው አዲስ ነው። ዓለምን ሁለት ኃያላን ከዚህም ከዚያም በሚጎትቷት በዚያ ዘመን፣ ወደብ ያላት ትንሽ አገር ወዳጅ አታጣም ነበር። እዚህም መንግሥት በቅርቡ ወዳጅ ቀይሯል። የአሮጌው ወዳጅ መርከቦች ሄዱ፤ አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ሥዕል ወረደ፤ ክፈፉ ግን ደኅና ስለነበር ሌላ ሥዕል ገባበት። ለአዲሱ ወዳጅ የሚያጨበጭቡት ለአሮጌው ያጨበጨቡት እጆች ናቸው። ያልተቀየረው ምሽጉ ውስጥ ያለው እስር ቤት ብቻ ነው። በአሮጌው ወዳጅ ዘመን «የአዲሱ ወዳጅ ወዳጅ» ተብለው የታሰሩት እዚያው ናቸው።

ከእነሱም አንዱ የልብስ ሰፊው ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሰፈሩም «ሬዲዮ» ብሎ ነው የሚጠራው። ወንጀሉ የአንድ ደንበኛ ሬዲዮ ሲጠግን የተከለከለውን ጣቢያ ጮክ አድርጎ መክፈቱ ነው። ያ ጣቢያ ዛሬ በማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ በየማለዳው ይለቀቃል። እንግዲህ የሰውየው ጥፋት ቀድሞ መክፈቱ ነው። ከሄደ ወዲህ ድምፁም አልተሰማ፣ ወሬውም አልመጣ።

ወሬው የመጣው ባለፈው ሳምንት፣ በጨርቅ በኩል ነው። ከምሽጉ አንድ ጥቅል አሮጌ ልብስ ወደ ሱቁ ተላከ፤ እስረኞቹ በተያዙ ዕለት የለበሱት ነው። «በዚህ ልክ አዳዲስ ሱፍ ስፋ፤ አሮጌውንም አብረህ መልስ፤ እንግዶች ይመጣሉ» ተባለ። ቁልፍ ቤት የምትሠራለት ሚስቱ ናትና ጥቅሉን የፈታችውም እሷ ነበረች። አንዱን ቡናማ ኮት አነሳች፤ የግራውን እጅጌ በጣቷ ዳበሰች፤ ከዚያ ፊቷን ኮቱ ውስጥ ቀብራ ቆየች።

እጅጌው ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል። ልብስ ሰፊው ራሱ ነው እንዲያ አድርጎ የሰፋው። ሬዲዮ ጎረምሳ ሳለ ሽቦ ሊሰቅል ጣራ ላይ ወጥቶ ወደቀ፤ ክርኑ ተጣሞ ዳነ፤ ግራ እጁም አጥራ ቀረች። እህቱ ገበታ ላይ ትቀልድበት ነበር፤ «አንተ ልጅ፣ ስትቀበል ረጅሟን፣ ስትሰጥ አጭሯን!» ትለዋለች። እሱም አጭሯን ዘርግቶ ጉንጯን ይቆነጥጣታል።

ዛሬ ጠዋት ጂፑ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ መኪናዋን ያሸከመችው እሷ ነበረች።

«ራስህ አይተኸው ና» አለችው። «ደኅና ነው አሉኝ ብለህ እንዳትመጣብኝ። ከሰው አፍ የሰማሁት ይበቃኛል።»

*

ምሽጉ ውስጥ ያስገቡት ክፍል ድሮ የጥይት መጋዘን የነበረ ነው። በኖራ አዲስ ስለተቀባ ይሸታል። እስረኞቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሁሉም እሱ የሰፋቸውን ሱፎች ለብሰዋል። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቀጥ አለ። ልብሶቹ ሰው የለበሳቸው አይመስሉም፤ ምስማር ላይ የተሰቀሉ ይመስላሉ። ኮሌታው ከአንገት ርቆ፣ ትከሻው ወደ ክንድ ወርዶ፣ ሱሪው በገመድ ተሰብስቦ። ምሽጉ በእስራቸው ቀን ልክ አሰፍቷቸው ነበር። ሰው እዚህ ገብቶ ያው እንደማይሆን ለማሰብ ከሻለቃ እስከ ዘበኛ ጊዜ ያገኘ የለም፤ ወይም ደግሞ አስበውት፣ ማለት አልደፈሩም።

ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። ሬዲዮ የለም። ቡናማው ኮትም የለም።

«እንግዶቹ ከቀትር በኋላ ይደርሳሉ» አለ አሥር አለቃው። «ሻለቃው ‹ከፊት ይመር እንጂ ከኋላ ግድ የለም› ብለዋል። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ነው የሚቆሙት።»

ለመተርተርና ለመስፋት ጊዜ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን አወጣ። የእያንዳንዱን ኮት ትርፍ ከኋላ እየሰበሰበ፣ በስፒል እየወጋ ያዘው። ከፊት ሲታዩ ሙሽራ መሰሉ፤ ከኋላ ጃርት። ጎንበስ ማለት አይችሉ፣ መቀመጥ አይችሉ።

ከሁሉም ሽማግሌው በአንድ ዘመን የከተማው ዳኛ የነበሩ ናቸው። ልብስ ሰፊው ዓይኑ በሩ ላይ ስለነበር ስፒሉን ከጨርቁ አሳልፎ ጀርባቸውን ወጋቸው።

«ይቅርታ፣ ክቡር ዳኛ!»

«ግድ የለም ልጄ» አሉት ሳይዞሩ። «ብትወጋኝም አልጮህም፤ ተለማምጃለሁ።»

አጠገባቸው ያለው እስረኛ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ደግሞ ስፒሉ ወጋውና ተወው። ልብስ ሰፊው ክር የሚያቀና መስሎ ወደ ዳኛው ጆሮ ጠጋ አለ።

«ሬዲዮን ያውቁታል? የሚስቴ ወንድም ነው።»

ዳኛው ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ክርህን እይ፣ ልጄ። እኔን አትይ» አሉት።

እሱም ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማሰብ አልፈለገም።

*

ሻለቃው ቢሮ ሲጠራው ከወንበር ተነስቶ ነው የተቀበለው። ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ቃሉ ለስላሳ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ እጀታው የሚዞር የመስክ ስልክና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮውን ገፋ አደረገለት።

«ተቀመጥ ለነገ፣ ተቀመጥ። እኔም እኮ ደንበኛህ ነኝ። ይህን ሱሪ የሰፋኸው አንተ ነህ፤ ዘንድሮ እጥፋቱን አስፈታሁት።»

«ሰው የሚወፍረው ሰላም ሲሆን ነው ጌታዬ» አለ ልብስ ሰፊው፤ ብስኩቱንም አልነካ።

ሻለቃው ትንሽ አየው፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

«የሚስትህ ወንድም ደኅና ነው። አሞት ሕክምና ክፍል ተኝቷል። ፊቱ ግን ለእንግዳ የሚሆን ፊት አይደለም። ከእኔ በፊት የነበሩት ልጆች እጃቸው ይፈጥን ነበር፤ እኔ የተረከብኩት እንዲያ አድርገው ነው። እንግዶቹ ደግሞ ከሁሉ እሱን ነው በስሙ የጠሩት።»

«እሱን? እሱን የት ያውቁታል?»

«አየህ፣ በዚያ አገር ሽማግሌዎች ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ቁጭ ብለው በሬዲዮ ከማያውቁት ሰው ጋር ያወራሉ። ያንተም ሰው ለካ ማታ ማታ ከእነሱ ጋር ሲያወራ ኖሯል። ድምፁ ጠፋብን ብለው ፓርላማቸውን አስጨነቁ። ፓርላማውም ‹ሰውየውን ሳታዩ የወደቡን ውል እንዳትፈርሙ› አለ።» ሻለቃው በመስኮቱ ወደ መርከቧ አመለከተ። «ያቺን የምታክል መርከብ በአንድ ሬዲዮ ሽቦ ተንጠልጥላልሃለች። ግን ድምፁን እንጂ መልኩን አያውቁም።»

ደወል ደወለ። በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት ወታደር ገባ። አንገቱን በሹራብ ጨርቅ ጠቅልሏል፤ ድምፁ እንዳይሰማ ጉንፋን ይዞታል ሊባል ነው። ቡናማውን ኮት ለብሷል፤ በተያዘበት ልብስ ይታይ ተብሎ ነው።

ልብስ ሰፊው ሳያስበው ከወንበሩ ተነሳ። ኮቱን ብቻ ነው ያየው፤ ልቡ አንድ እርምጃ ቀድማው ሄደች፤ ከዚያ ከኮሌታው በላይ ያለውን የማያውቀውን ፊት አየና ተቀመጠ።

«እንግዶቹ እንደገቡ አንተም ትገባለህ» አለ ሻለቃው። «‹ወንድሜ!› ብለህ ታቅፈዋለህ። ቤተ ዘመድ አቀፈው ማለት ማስረጃ ነው። በቃ። እነሱ ፈርመው እንደሄዱ እውነተኛውን በዚያው ጂፕ ይዘኸው ትወርዳለህ። ሰምተኸኛል? ዛሬውኑ።»

«ባላቅፈውስ ጌታዬ?»

«ምነው? የሚስትህን ወንድም አትወደውም እንዴ?»

ልብስ ሰፊው መሬት መሬት አየ። አንድ ማቀፍ ምን አለው? ዕድሜ ልኩን የማይወዳቸውን ሰዎች በየሠርጉ ሲያቅፍ አልኖረም? ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጂፑ ሲመጣ ታየው፤ ከጎኑ አንድ ሰው ሲወርድ፣ አጭሯን እጁን ሲዘረጋላት።

«እሺ ጌታዬ» አለ።

ከዚያ ሊወጣ ብሎ ተመለሰ። «አንድ ነገር ልለምንዎ። ኮቱን ይህ ልጅ ለብሶታል። የሚስቴ ወንድም ምን ለብሶ ይወርዳል? አንድ ትርፍ ሱፍ ይዣለሁ። ልኩን ቢያስለኩልኝ አጥብቤ እጠብቀው ነበር።»

እውነቱን ለመናገር የሱፉ ነገር ምክንያት ነው። ልብስ ሰፊ የሰውን ጤና የሚጠይቀው በሜትር ነው። ወገቡ ስንት እንደቀረ፣ አንገቱ ስንት እንደሆነ ቢያውቅ፣ ሚስቱን መንገድ ላይ በምን ቃል እንደሚያዘጋጃት ያውቅ ነበር።

ሻለቃው በጣም ሳቀ። «ሰማይ ቢወድቅ አንተ ሜትርህን አትጥልም! አሥር አለቃ፣ ሄደህ ለካለት። አንተም እስከዚያ የዚህን ልጅ ግራ እጅጌ አስረዝምለት፤ አጥሮበታል። እንግዳው ልብስ አዋቂ ነው አሉ።»

*

ልብስ ሰፊው ኮቱን ተቀብሎ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መስኮት ሥር ተቀመጠ። የግራውን እጅጌ ቅምቅማት ተረተረ። እጥፋቱ ሲፈታ ከውስጥ ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ ወጣ፤ ገና ከሱቅ እንደመጣ ቡናማው ቁልጭ ያለ። ሁለት ጣት ሙሉ። ለነገ ብሎ የተወው ነው። ሬዲዮ ያኔ «አንተ ሰው፣ እጄ ታድግልኛለች ብለህ ነው?» ብሎ የሳቀበት።

አሥር አለቃው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። መዳፉ ላይ የጻፈውን ማንበብ ጀመረ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ። ልብስ ሰፊው እየሰማ በልቡ ሥጋ ያለብሰው ነበር። ከስቷል፤ ግን ይህ በሦስት ወር ሾርባ የሚመለስ ነው፤ እህቱ ታውቅበታለች።

«እጅ፣ ስድሳ አንድ።»

«የቱ?»

«ሁለቱም። ቀኙም ግራውም ያው ነው።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። ሰነፍ ወታደር አንዱን ለክቶ ሌላውን ይገምታል፤ ያለ ነገር ነው። ሰነፍ ሁንልኝ፣ አለ በሆዱ፤ እባክህ ሰነፍ ሁንልኝ።

«ልጄ፣ አልተቆጣሁህም። ቀኙን ብቻ ለክተህ ይሆናል። ግራውን ለይተህ ደግመህ ለካልኝ። ግራውን ብቻ።»

አሥር አለቃው አልሳቀም። ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ፊት ሳቅ ሲለየው ባዶ ቤት ይመስላል። ኮሪደሩን ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አባባ፣ የማንን እጅ ልለካልዎት?»

ከውጭ የአንድ መኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ልብስ ሰፊው «መቼ?» አለ። አሥር አለቃው መለሰለት።

«ቆይቷል። ሻለቃው ሳይመጡ አይደለም፤ ከመጡ በኋላ ነው።»

ልብስ ሰፊው ያን ፀሐይ ያልነካውን ሁለት ጣት በአሮጌው እጥፋት መስመር ላይ መልሶ አጠፈው። መርፌውን አንስቶ ቀመቀመው፤ በድሮው ልክ፣ በድሮው ስፌት። ጨርሶ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«ሻለቃው አስረዝም አይደል ያሉት?» አለ አሥር አለቃው።

«አዎ።»

አሥር አለቃው አየው፤ እጅጌውንም አየ። ሲጋራ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። «እኔ ከልብስ አላውቅም» አለ።

*

እንግዳው ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ልብስ ሰፊው በሩ ጥግ ቆሞ ሳለ መጀመሪያ ያየው ሰውየውን ሳይሆን ኮቱን ነው። ኮሌታው በእጅ የተሰፋ፣ ትከሻው እንደ ውሃ የፈሰሰ። ይህን የሰፋ ሰው የት አገር ይሆን የሚኖረው ብሎ አሰበ፤ በዚያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ማሰቡ ኋላ ራሱን ገረመው።

አጠገቡ አንድ ቀጭን አስተርጓሚና ብልጭታው ሳህን የሚያህል ፎቶ አንሺ አሉ። እንግዳው በእስረኞቹ ፊት እየሄደ አንድ በአንድ ይጨብጣል። ዳኛው ዘንድ ሲደርስ በአስተርጓሚው በኩል «እንዴት ነው አያያዝዎ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ልብሱ አዲስ ነው» አሉ ዳኛው።

አስተርጓሚው ተረጎመ። እንግዳው ራሱን ነቀነቀና አለፈ። ከመጨረሻው ጥግ፣ አንገቱን በሹራብ የጠቀለለው ወታደር ቡናማውን ኮት ለብሶ ቆሟል።

«ይህ ነው» አለ ሻለቃው። «ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል። ግን ዘመዱ እዚህ አለ፤ የእህቱ ባል።» ወደ ልብስ ሰፊውም ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ና እንጂ!»

ልብስ ሰፊው መጣ። ወታደሩ ፊት ቆመ። ወታደሩ ላብ አጥምቆታል፤ የግራ እጁ አንጓ ከእጅጌው ሁለት ጣት ወጥቶ ራቁቱን ቀርቷል። እሱም ያውቃል፤ ወደ ውስጥ ሊጎትታት ይሞክራል፤ እጅ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ አይገባም። ልብስ ሰፊው እጆቹን አላነሳም።

እንግዳው እጅጌውን በጣቱ እያሳየ በሳቅ አንድ ነገር አለ።

«እጅጌው ለምን አጠረ፣ ይላሉ እንግዳው» አለ አስተርጓሚው።

ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጥያቄውም የሙያው ነው።

«ኮቱ የተሰፋው ለሌላ ሰው ስለሆነ ነው ጌታዬ» አለ ልብስ ሰፊው። «የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሚስቴ ወንድም ግራ እጁ አጭር ነበረች። ይህ ልጅ እሱ አይደለም። እሱ የለም።»

አስተርጓሚው ሻለቃውን አየ። ሻለቃው ፈገግታው እንዳለ ነበር፤ የተረሳ ፈገግታ። በዚህ መሐል እንግዳው አስተርጓሚውን በትዕግሥት ይጠብቃል። አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፍኖ ተረጎመ። አንዲት ቃል አልደበቀም፤ የቃሉ ርዝመት ከንግግሩ ርዝመት ጋር እኩል ነበር፣ የእንግዳውም ፊት ሲሰማ ቀስ በቀስ ከሳቅ ወጣ።

እንግዳው እጅጌውን አየ። ልብስ ሰፊውን አየ፤ ደኅና አድርጎ አየው፤ ሰው ሰውን እንደሚያይ። ከዚያ በልብስ ሰፊው ትከሻ ላይ አሻግሮ በመስኮቱ ወደ ወደቡ አየ፣ መርከቧ ወደ ቆመችበት። እዚያ ትንሽ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ሳቁ ቦታውን ይዞ ነበር። አንድ አጭር ነገር ተናግሮ ልብስ ሰፊውን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«እንግዳው እንዲህ ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «‹አይዞህ። በእኛም አገር ልብስ ሰፊዎች ይሳሳታሉ።›»

ሻለቃው ሳቀ። ፎቶ አንሺው ሳቀ። ፎቶ አንሺው «ተጠጉ» ሲል ወታደሩ በልብስ ሰፊው አንገት ላይ ተጠመጠመና በጆሮው «አባባ ይቀፉኝ፣ እባክዎ፣ ልጆች አሉኝ» አለው። ብልጭታው በራ።

በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሥዕል ያ ነው። ልብ ብሎ ላየው፣ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ብቻ ነው ያቀፈው። የልብስ ሰፊው እጆች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

*

እንግዶቹ ሲወጡ ሻለቃው ኮሪደሩ ላይ አስቆመው። አልጮኸም።

«የእንግዳው ጨዋነት አዳነህ» አለው። «መርከቧ ወደብ ላይ ሳለች የእነሱ እንግዳ ነህ። መርከቧ ስትሄድ እኔና አንተ እንነጋገራለን። የስፌት መኪናህ እዚህ ትቆይ፤ መምጣትህ አይቀርም።»

ጂፕ አልሰጡትም። ዳገቱን በእግሩ ወረደ። ጭኑ ላይ፣ ትከሻው ላይ ምንም አልነበረም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። በየመታጠፊያው መርከቧ ትታያለች፤ ገና አልሄደችም። መንገዱን ሁሉ ቃል ሲመርጥ ነበር። የሻለቃው ቃል አፉ ላይ ዝግጁ ሆኖ ይመጣል፤ ታሞ ነው፣ ሕክምና ክፍል ነው፣ በቅርብ ይለቁታል። እንዲህ የተሰፋ ውሸት በጨርቅ ቤት አይገኝም፤ ለሁሉም ልክ ነው። ሚስቱ ለአንድ ሌሊት ትተኛበት ነበር። ከዚያ ጋዜጣው ይመጣል፣ ቡናማው ኮት ከሌላ ሰው ጋር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። ሚስቱ ሱቁ በር ላይ በርጩማ አውጥታ፣ ለብርሃኑ ጎኗን ሰጥታ ተቀምጣ፣ የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ ቤት ትሠራለች። ከማዶ ጎረቤትየዋ መስኮቷን የምትወለውል መስላ አንገቷን አስግጋለች፤ መስኮቱ ከጠዋት ጀምሮ ተወልውሎ አላለቀም።

ሚስቱ መጀመሪያ ትከሻውን ነው ያየችው።

«መኪናዋስ?»

«እዚያ ቀረች።»

መርፌዋ አልቆመም። «እሱስ? አየኸው?»

ልብስ ሰፊው ደፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። የመረጠው ቃል ሁሉ ጠፋ።

«ልኩን አስለካሁ» አለ። «አሥር አለቃው ለክቶ አመጣልኝ። ቀኝ እጁም ግራ እጁም እኩል ነው አለኝ።»

መርፌዋ ጨርቁ ውስጥ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ነጻ እጇን አንስታ ጉንጯን ያዘች፤ ሰው የቆነጠጠውን ቦታ እንደሚይዝ። ማዶ ያለችው ጎረቤት ጨርቋን ጣለች።

«ደግመህ ለካ አላልከውም?» አለች።

«አልኩት።»